ሳሙና የነካው ቢጫ

አዳማ ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ማስተማር ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር፤ የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም። ልጆቹ የሚሠሩት ሥዕል ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። በወረቀት ላይ የታተመች ዳክዬ ትሰጣቸዋለች፣ ከመስመር ሳይወጡ በከለር ይሞሏታል፣ ያልሞሉትን መምህሯ ትሞላላቸዋለች፣ ወላጅም አይቶ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ቀለሙን በእጃቸው እንዲነኩት ፈለግሁ። የአራት ዓመት ልጅ ጣቱን አፉ ውስጥ መክተቱ ስለማይቀር ቀለሞቹን ከሚበላ ነገር ሠራሁ፤ ቀዩን ከቀይ ሥር፣ አረንጓዴውን ከቆስጣ፣ ቢጫውን ከእርድ። ዳይሬክተሯ አመንትተው አንዲት ጠረጴዛ ፈቀዱልኝ።

በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ትተው እርስ በርስ ተቀባቡ። አንዲት ልጅ የእርዱን ሳህን ለብቻዋ ይዛ ከነጭ ሸሚዟ እጅጌ እስከ አንገቱ ተቀባች።

"ሚስ፣ ፀሐይ ሆንኩ!"

በእርጥብ ጨርቅ ጠራርጌ ለእናቷ አስረከብኳት። ስለ እርዱ አልነገርኳትም።

በማግስቱ ጠዋት እናትየው ፌስታል ይዛ ዳይሬክተሯ ቢሮ ቆማ ነበር።

"ሸሚዙን ሳሙና ውስጥ ስነክረው ደም ሆነ! ወላሂ፣ ልጄን ሳገላብጥ ነው ያመሸሁት። የት ነው የተመታሽው ስላት፣ ፀሐይ ሆኜ ነው ትለኛለች!"

ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞሩ። "ተናገሪ እንጂ።"

ትናንት እጄን በሳሙና ስታጠብ ጣቶቼ እንዲሁ ሲቀሉ አይቻለሁ፤ በአፍ ከማስረዳ ማሳየት ቀለለኝ። ሮጬ ወጥቼ እርዱንና ሳሙናውን አመጣሁ። ሶፍት ላይ እርድ ቀብቼ የሳሙና ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ቢጫው ቀላ። ተከትለውኝ በር ላይ የተደረደሩት ልጆች በኦሮምኛም በአማርኛም "ዲማ! ቀይ ሆነ!" እያሉ ጮኹ።

"እርድ ነው እንዴ?" አለች እናትየው። "ታዲያ ትናንት በር ላይ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

ዳይሬክተሯ ግን አልሳቁም። "ነገ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ሸሚዙ ካልነጣ ጠረጴዛው ይነሳል። ወደ ዳክዬዋ እንመለሳለን።"

ሸሚዙን ከእናትየው ተቀብዬ በሎሚ ደጋግሜ አጠብኩት። ቀዩ ጠፍቶ ቢጫው ተመለሰ፤ እሱን የሚያነጣው ፀሐይ ብቻ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ሽቦ ላይ አሰጣሁት። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ፊደል እያስቆጠርኩ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው። ነፋሱ ሸሚዙን ሽቦው ላይ ይጠመጥመዋል፣ ወጥቼ እፈታዋለሁ። አቧራ ይለብሳል፣ አራግፈዋለሁ። አንዴ መሬት ወድቆ አገኘሁትና እንደገና አጠብኩት። የጎረቤት ክፍል መምህርት ድስት እንደሚጠብቅ ሰው ስመላለስ አይታ በመስኮት ብቅ ብላ "እሜቴ፣ ወጡ በሰለ?" ትለኛለች። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ሽቦው ሥር ይቆማሉ።

"ሚስ፣ ነጣ?"

"ገና ነው።"

"አሁንስ?"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሯ ሸሚዙን ወደ ብርሃኑ አነሡት።

"አንገቱ ጋ ይታየኛል" አሉ።

እናትየው ተቀብላ ገለበጠችው። "እኔ አይታየኝም" አለችና አጣጥፋ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። እኔ ግን ይታየኝ ነበር፤ ጥፍር የምታክል ቢጫ። "ከእንግዲህ ግን ሸሚዟን እንዳትነኩብኝ። የአባቷን አሮጌ ካናቴራ እልካለሁ፣ እላዩ ላይ ትልበሰው።"

ዳይሬክተሯ "እንግዲያው የሁሉም ልጆች ካናቴራ ይምጣ፤ ጠረጴዛው ይቆይ" ብለው ወጡ።

እናትየው የልጇን እጅ ይዛ በሩ ጋ ስትደርስ ተከትያት ሮጥኩ።

"ነገ ቀይ ሥር ነው" አልኳት፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። "አይለቅም ይሆናል። አባቷ የማይፈልገውን ካናቴራ ይላኩልኝ።"