ገመዱን የማይለቁ ልጆች

ሣህሉ የወደቡ መጋዘን ጸሐፊ ነበር። ከዘጌ ተነሥቶ አሰብ ሲቀጠር ስለ ውሃ የሚያውቀው ጣና ላይ ታንኳ መቅዘፍን ብቻ ነው። ሸራ መወጠርን ያስተማረው አንድ ጣሊያን መካኒክ ነበር፤ ሰውየው ፌዴሬሽኑ በመጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ፣ አራት ትናንሽ የሸራ ጀልባዎች ለሠራተኞች ክበብ ትቶ ሄደ። ጀልባዎቹ ከክበቡ ጀርባ ተደፍተው ድመት ትወልድባቸው ጀመር። ሣህሉ በዚያ ባለፈ ቁጥር አንጀቱ እርር ስለሚል፣ አንድ ቀን የክበቡ ሊቀ መንበር አቶ ወልደየሱስ ዘንድ ገብቶ፣ «ለሠራተኞቹ ልጆች ቀዘፋና ሸራ ላስተምርባቸው» አለ። ማንም አላስገደደውም። በኋላ በተበሳጨ ጊዜ ሁሉ ራሱን የሚወቅሰውም በዚሁ ነበር።

ልጆቹ የመጡት እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ ነው። እናቶቻቸው ነጫጭ ልብስ አልብሰው፣ ጫማ አስረው፣ «አደራ እንዳይረጥቡ» ብለው አስረከቡት። አብዛኛው ወላጅ ከደጋ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ባሕሩን ከመስኮት ከማየት በቀር ቀርቦት አያውቅም። ሣህሉ ጫማውን አስወልቆ፣ የቡሽ ሰደርያ አስታጥቆ ልጆቹን ሲያሳፍር ገና ግማሾቹ ያለቅሳሉ።

ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው የገመዱን ነገር ነው። ሸራውን የሚይዘው ገመድ በልጁ እጅ ነው። ነፋሱ ጠንከር ብሎ ጀልባዋ ወደ ጎን ስትጋደም ገመዱን ለቀቅ ማድረግ ነው፤ ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባዋም ቀና ትላለች። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። የፈራ ልጅ ግን የያዘውን አይለቅም። «ልቀቅ» ሲሉት ይብስ ይጨብጣል። ሣህሉ ጀልባዋን አሸዋ ላይ አቁሞ፣ ምሰሶዋን እየነቀነቀ አለማመዳቸው። አሸዋው ላይ ሁሉም ጎበዝ ሆኑ። ባሕሩ ላይ ሲወጡ ሁሉም ረሱት። ድምፁ እስኪሰለል ጮኾባቸው ሲመለስ፣ «ዝም ብዬ መጋዘኔ ውስጥ ጆንያ ብቆጥር ምን ነበረበት» ይላል ለብቻው።

አንዲት ልጅ ብቻ ገባት። የስልክ ቤቱ ሠራተኛ የአቶ ክንፈ ልጅ ብርቅዬ፣ ጥርሷ የወለቀ ቀጫጫ ልጅ ናት። በሁለተኛው እሑድ ነፋሱ ሲገፋት ገመዱን ቀስ አድርጋ ሰደደችውና፣ ጀልባዋ ስትቃና ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ እሱ ሲገፋ እኔ ከሱ ጋር ምን አታገለኝ?» አለችው። ሣህሉ ያን ዕለት ምሳውን በደስታ በላ።

ሣህሉ ለሌሎቹ ያሰበላቸው መድኃኒት አንድ ነበር፦ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ጀልባዋን ከነልጁ መገልበጥ። ተገልብጦ የወጣ ልጅ ፍርሃቱን እዚያው ይተዋል። ምሳሌ እንድትሆናቸው በብርቅዬ ጀመረና እሷ እየሳቀች ወጣች። እናቷ ወይዘሮ አሰጋሽ ግን የልጇን ጨዋማ ፀጉር ስታይ ነጠላዋን አጣፍታ አቶ ወልደየሱስ ቢሮ ደረሰች። በማግስቱ ሣህሉ ተጠራ።

«ልጅ ማስጠም ነው እንዴ የምታስተምረው?»

«እንዳይሰጥሙ ነው፣ ጌታዬ።»

«ተወው። መገልበጥ የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

ጥቂት ቆይቶ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ እንግዳ በአውሮፕላን እንደሚመጣ ተሰማ። አቶ ወልደየሱስ ልጆቹ በጀልባ ተሰልፈው በእንግዳው ፊት እንዲያልፉ ፈለጉ።

«ከሰዓት ነፋሱ ይነሣል» አለ ሣህሉ። «ጠዋት ይሁን።»

«አውሮፕላኑን የምነዳው እኔ አይደለሁም» አሉት።

አውሮፕላኑ ዘገየ። እንግዳው ምሳ በልተው፣ አረፍ ብለው ወደ መርከብ መቆሚያው ግንብ፣ ወደ ሞሎው ሲመጡ ባሕሩ ነጭ አረፋ ይደፍቅ ነበር። ሣህሉ በጀልባዎቹና በልጆቹ መካከል ቆመ።

«ዛሬ አይወጡም፣ ጌታዬ።»

አቶ ወልደየሱስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔው ልጅ ወሰኔ ከመካከላቸው አለ። አባትየው ካልፈራሁ አንተን ምን አስፈራህ?»

ለዚህ ያለው መልስ እንጀራውን የሚያሳጣው ነበር። «ከሞሎው ሳይርቁ» ብሎ እሺ አለ። ትንንሾቹን አስቀርቶ ወሰኔንና ብርቅዬን ጨምሮ አራት ልጆች በየጀልባቸው አሳፈረ፤ እሱም መቅዘፊያ ይዞ በአንድ የወደቡ ታንኳ ተከተላቸው።

ገና አንድ ጊዜ ሳይመላለሱ ነፋሱ ወሰኔን አገኘው። ልጁ ገመዱን የእጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞታል። «ልቀቅ፣ ወሰኔ፣ ልቀቅ» እያለ ሣህሉ ቀዘፈ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ጨበጠ። ሸራው ውሃውን መታና ጀልባዋ ተደፋች።

ሣህሉ ሳይደርስ ብርቅዬ ደረሰች። ገመዷን ለቃ ጀልባዋን ከጎኑ አቆመችና፣ በቡሹ ተንሳፎ የሚያስለውን ልጅ ልክ እንደ ታላቅ እኅት፣ «ገመዱን ከእጅህ ፍታው። አሁን የጀልባዋ ጀርባ ላይ ውጣ» አለችው። ወሰኔ ፈታ፤ ወጣም።

ከሞሎው ጭብጨባ ተሰማ። እንግዳው ናቸው የሚያጨበጭቡት።

«ግሩም ነው» አሉ። «መዳኑንም ጭምር ነው ያስተማራችኋቸው?»

አቶ ወልደየሱስ ፊታቸው አመድ መስሏል። «አዎን፣ ክቡርነትዎ። በፕሮግራሙ ያለ ነው» አሉ።

እንግዳው ሲሸኙ ሣህሉ ማዕበሉ የረጨው ልብሱ እየተንጠባጠበ ተጠራ። ስድብ ጠብቆ ነበር። አቶ ወልደየሱስ ግን፣ «ለሚቀጥለው እንግዳ ሁለት ጀልባ ይገልበጥ» አሉት።

«ጌታዬ፣ ልጅዎ ሊሞት ነበር።»

«አልሞተማ። መገልበጡን አስተምር።»

የተከለከለው ተፈቀደለት ማለት ነው። ሣህሉ ይሳቅ ይናደድ ጨነቀው። ይባስ ብሎ በሚቀጥለው እሑድ ብርቅዬ ቀረች። ቤቷ ድረስ ሄደ። ወይዘሮ አሰጋሽ ወንበርና ሻይ ሰጠችው፤ ልጅቱ ግን ከጓዳ አልወጣችም።

«ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት። በነፍስ የደረሰችው እሷ ናት።»

«ስለዚህ እኮ ነው» አለች። «ፈሪ ብትሆን ዳር ትቀርልኝ ነበር። ይቺ ሰው በሰጠመበት ሁሉ የምትገባ ናት። እርስዎ ሁልጊዜ አጠገቧ ይኖራሉ?»

ሣህሉ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ለጥቂት ዓመታት ልጆቹን አስተማረ። ወሰኔ በእንግዳ ፊት እየተገለበጠ ጭብጨባ መቀበል ለመደ፤ ሸራ መያዝ ግን እስከ መጨረሻው አልሆነለትም። አቶ ክንፈ ግን ብርቅዬ በቀረችበት ዓመት ክረምት ተዛወሩ። የቤት ዕቃቸው በጭነት መኪና ሲወጣ ሣህሉ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ብርቅዬ ከጋቢናው እጇን አውለበለበችለት። ዝውውሩ ወደ ደሴ ነው። ደሴ ደግሞ ባሕር የለም።