ዲስክ ባዶውን አይመለስም

ወሬው የተወለደው በአስመራ አውራ ጎዳና በኮምቢሽታቶ ላይ ካለ አንድ ቡና ቤት ውስጥ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ካፑቺኖ መካከል ነው። «የገዛ ባንዳ ሰፈሯ ኣኽበረት የሞተ ኮምፒውተር አስነሣች» ተባለ። ለመጀመሪያው ካፑቺኖ ይህ በቂ ነበር። ሁለተኛው ሲቀርብ ኣኽበረት ኮምፒውተሩን ፔኒሲሊን ወግታዋለች። ለምሳ ሲነሡ ደግሞ በአውቶቡስ ምጽዋ ወስዳ፣ ቁርጥማት እንደያዘው ሽማግሌ ሦስት ቀን ትኩስ አሸዋ ውስጥ ቀብራ፣ ቫይረሱን በላብ አስወጥታዋለች። ቫይረሱንም በጠርሙስ ይዛ አልጋዋ ሥር አኑራዋለች፤ ሲንጫጫ ጎረቤት ይሰማዋል።

ሰዓት ሠሪው ከበደ አልተዋጠለትም። ከበደ ብሎኑን ሳያይ የማያምን ሰው ነው።

«ቆይ እስቲ፤ መርፌው በየት ገባ? ደም ሥር የሌለው ነገር ይወጋል?»

«በስተጀርባው ስንት ገመድ አለው አይደል?» አለች ብርክቲ፣ ከባንኮኒው ኋላ ብርጭቆ እየወለወለች። «በገመዱ ነዋ!»

«ምጽዋስ? እኔ ማክሰኞም ረቡዕም በበሯ አልፌያለሁ። ሱቁ ክፍት ነበር።»

«እንግዲያው በሌሊት ነው የወሰደችው።»

«ወሬ ቀን ሲያጥረው ሌሊት ይበደራል» አለ ከበደ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ። «ጠርሙሱን ያየ ሰው አለ?»

ጠርሙሱን ያየ አልነበረም። ያየውን የሚያውቅ ግን አራት ሰው እጁን አወጣ።

ኣኽበረት የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት። አሥራ አራት ዓመት በጽሕፈት መኪና ኖራለች፤ ከፍጥነቷ የተነሣ የጻፈችው ደብዳቤ ሳያልቅ መልሱ ይመጣል ይባልላት ነበር። የአገሩ ነፃነት አምስተኛ ዓመቱን ሊደፍን ሲል፣ ዕቃውን ሸጦ ከሚሄድ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛች። ገዛ ባንዳ ውስጥ በአንዲት ክፍል አስቀመጠችው፤ እናቷ በኪሮሽ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው፤ ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪና የኪራይ ውል መጻፍ ጀመረች።

ያን ጊዜ ኢንተርኔት የሚሉት ነገር አስመራ አልደረሰም። አንዱ ኮምፒውተር ከሌላው ጋር የሚነጋገረው በእግር ነበር፦ መዳፍ የምታህለውን ፍሎፒ ዲስክ ኪሱ ከትቶ የሚሄድ ሰው ነበር መስመሩ። የከተማው ኔትወርክ ጫማ አድርጎ፣ ኮፍያውን እያነሣ ሰላምታ እየሰጠ፣ መንገድ ላይ ሻሂ እየጠጣ ይመላለስ ነበር። አንድ ደብዳቤ ከገዛ ባንዳ ማይ ተመናይ ሰፈር ለመድረስ፣ እንደ ተሸካሚው ዘመድ ብዛት፣ ከሃያ ደቂቃ እስከ ሁለት ቀን ይፈጅበታል።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ጨዋነት ነው። እንደሚታወቀው፣ ጎረቤት ምግብ የላከበትን ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ሌላው ቢጠፋ ሁለት ሎሚ ጣል ይደረግበታል። ዲስክ አስመራ በገባ በወሩ ይኸው ሕግ ገዛው። የተዋሰውን ዲስክ ባዶውን የሚመልስ ጠፋ! አንዱ የቀን መቁጠሪያ ይጨምርበታል፤ አንዱ ርግብ የተሳለበት የሠርግ ካርድ፤ አንዱ ያጎቱ ልጅ ከመሥሪያ ቤቱ የቀዳለትን ጨዋታ። ኣኽበረት ጨዋታ የላትም። ያላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኣቦይ ኪዳኑ መጽሐፍ።

ኣቦይ ኪዳኑ የሰባ አንድ ዓመት የብስክሌት ጠጋኝ ናቸው። አርባ ዓመት በየውድድሩ መጨረሻ መስመር ላይ ፊሽካ በአፋቸው፣ ሰዓት በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ማን እንዳሸነፈ፣ ማን እንደ ወደቀ፣ የማን ሰንሰለት የት ላይ እንደ ተበጠሰ ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ የለም። ዐይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለ ሄደ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጡ ከደብተራቸው በአጉሊ መነጽር እያነበቡ ለኣኽበረት ያጽፏታል። አሥራ አንድ ምዕራፍ በስምንት ወር። የተጻፈውን ገጽ ቀድደው ጥግ ላይ ላለችው ለውዝ ሻጭ ይሰጣሉ፤ መጠቅለያ ይሆናታል። ይህን ያደረጉት ኣኽበረት ራሷ አንድ ቀን በኩራት «ኮምፒውተር አይረሳም፣ ኣቦይ» ስላለቻቸው ነው።

እንግዲህ የሰው ዲስክ ስትመልስም፣ የራሷን ስታውስም ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ጣል ታደርግበታለች። ሽማግሌውም ሲሰሙ ደስ አላቸው። «ይነበባ!» አሉ።

ሊባኖስ የአንድ የጭነት ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ የአስመራ ጨዋዎች ቢሰለፉ ከፊት የሚቆም። ለመሰናበት ብቻ አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በሩ ላይ ተሰናብቶ፣ ፌርማታው ድረስ የሸኘውን ሰው መልሶ እስከ ቤቱ ይሸኛል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከኣኽበረት የተዋሰውን ዲስክ መለሰ፤ የካርታ ጨዋታ ጨምሮበታል።

«ቅመሺልኝ እንጂ» አለ።

እንግዳ ያመጣውን ፊቱ ላይ አለመቅመስ ነውር ነውና ከፈተችው። አንድ እጅ ተጫወቱ፤ አሸነፈችው። በስንብቱ መሐል መሸና መብራቱን አጥፍታ ወጣች፤ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ አፍ ሳታወጣ። ማክሰኞ ጠዋት ስትከፍተው ኮምፒውተሩ ሲነቃ መጀመሪያ ያነበበው ያን ዲስክ ነበር። ቫይረሱ የተደበቀው ደግሞ እዚያው፣ መንቂያው ላይ ነው። ይህን ሳታውቅ ዲስኩን አውጥታ፣ ምዕራፍ ሰባትን በረከት ብላ ጨምራበት፣ ለሊባኖስ መልሳ አዋሰችው።

ቫይረስ ማጽጃ አልነበራትም እንዳይባል፣ ነበራት። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ዲስክ፣ እንደ ታሸገ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎች ጋር ቡፌ ውስጥ ተቀምጧል። ደግ ዕቃ በየቀኑ አይነካም፤ ለክፉ ቀን ነው።

ክፉው ቀን ሐሙስ ሆነ። ጠዋት ከፈተችው፤ ጥቁር። ዘጋችው፣ ከፈተችው፤ ጥቁር፣ እላዩም ላይ ምንም የለኝም የሚል አንድ መስመር። ዳንቴሉን አንሥታ መታ መታ አደረገችው። ያው ነው። በዚህ መሐል የኣቦይ ኪዳኑ ከዘራ በሩን ሁለቴ ነካ። ማተሚያ ቤቱ ጽሑፉን ለቅዳሜ ቀጥሯል፤ ለግንቦቱ ውድድር እንዲደርስ። ሽማግሌው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ሞራው ሳይዘጋቸው ሽፋኑን በዐይናቸው ማየት።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ዛሬ የት ደረስን?» አሉ ወንበራቸውን እየዳበሱ።

ልትዋሽ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ከዚያ እውነቱን ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ጎማው ነው ወይስ ፍሬሙ?»

«ፍሬሙ ነው፣ ኣቦይ።»

«ወረቀቶቼስ?»

«ለለውዝ ሻጯ... እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። አይረሳም ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

«እወ፣ አዎን» አሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሏት ስትጠጋ እየሳቁ ነው፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «እንግዲህ ያርባ ዓመት ሥራዬን ከተማው ሁሉ በለውዝ በላው።»

«ከተማው ሁሉ» አለች ኣኽበረት ቀስ ብላ። ከዚያ ጮኸች። «ኣቦይ! ከተማው ሁሉ ጋ አለ እኮ!»

ሳህኗ የት ቤት እንደ ቀረ የማታውቅ ሴት የለችም። ኣኽበረትም የትኛው ምዕራፍ በማን ዲስክ እንደ ሄደ በጣቷ ቆጠረች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች።

መጀመሪያ ወደ ዓባ ሻውል ሰፈር። ኣስካሉ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ በጠባቡ መንገድ ላይ የሰው ሰላምታ ሲያስቆማት ሲያስቆማት ኣኽበረት ኣስካሉ ቤት የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ኣስካሉ አራት ዲስክ አወጣች፤ ነጭ ሽንኩርት ከታሰረበት ከረጢት።

«ሽንኩርቱ ምንድን ነው?»

«ቫይረስ ገብቷል ሲሉ ሰማሁ። ለጉንፋን ከሠራ ለዚህስ ምን አንሶት?»

«ኣስካሉ፣ ዲስኩ አፍንጫ የለውም!»

«ይኸው ሁለት ዓመት አልታመመብኝም» አለች ኣስካሉ። አራት ምዕራፍ፤ ሁሉም ደኅና፣ ሁሉም የዶሮ ወጥ ቁሌት የሚሸቱ።

አርብ ሙሉውን በየቢሮው ስትዞር ሦስት ምዕራፍ አገኘች፤ ማይ ተመናይ የደረሰችው ሲመሻሽ ነው። ራሕዋ፣ የአንድ ሐኪም ጸሐፊ፣ ኮምፒውተሯን ከፍታ ሦስቱን ዲስኮች ጎኗ ደርድራለች።

«እንኳን መጣሽ! ልመልስልሽ እያሰናዳሁ ነበር። ባዶውን እንዳይሆን ቆንጆ የቼዝ ጨዋታ ላደርግበት ብዬ... ቦታው ጠበበኝና የድሮውን ጽሑፍ ላጠፋው ነው።» ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር።

«ባዶውን!» ብላ ጮኸች ኣኽበረት፤ በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሦስት ውሻ መለሰላት። «በማርያም ይዤሻለሁ፣ ምንም አትጨምሪበት! ባዶውን መልሺልኝ!»

ራሕዋ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች። ፊቷ ቀላ። «ምን በደልኩሽ፣ ኣኽበረት? እንዲህ የምትይኝ?»

ይቅርታው ራት ድረስ ዘለቀ። ግን ሦስቱ ምዕራፎች ቦርሳዋ ውስጥ ነበሩ። ምዕራፉ ዐሥር ሞላ። የቀረው ምዕራፍ ሰባት ብቻ ነው፤ የነፋሲት ዳገት ውድድር። የእሱ ዲስክ ሊባኖስ ጋ ነው፤ ሰኞ አፉ ውስጥ ያደረው፣ ኮምፒውተሩን የገደለው ራሱ ዲስኩ።

ቅዳሜ በጠዋት ኣኽበረት ቡፌውን ከፍታ የታሸገውን ዲስክ አወጣች። ፕላስቲኩን ስትቀደው የሠርግ ብርጭቆ የሰበረች ያህል ቀፈፋት። ግን ማንም ያልነካው በመሆኑ ንጹሕ እሱ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩን በእሱ አነቃችው፤ ሆዱን ጠርጋ ባዶ አደረገችው፤ ፕሮግራሞቹን ከየዲስካቸው እንደ ገና ጫነች። ከዚያ በየዲስኩ ጥግ ያለችውን ትንሽ መስኮት አንድ በአንድ በጥፍሯ ገፋች። የዲስክ መስኮት ጠባዩ ልዩ ነው፤ ሲከፈት ነው የሚቆለፈው። መስኮቷ ክፍት ከሆነ ማንም እላዩ ላይ መጻፍ አይችልም፤ ቫይረስም ቢሆን። እያንዳንዱን አስፈተሸች፤ የራሕዋ ሁለቱ ታመው ተገኙ። ከታመሙት ጽሑፉን ብቻ፣ ዓሣን ከእሾኹ እንደሚለይ ሰው ለቅማ ወሰደች።

ሊባኖስም ተጠርቶ ዲስኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ሰብሮ ገባ። ኣቦይ ኪዳኑ ወንበራቸው ላይ ናቸው።

«ይቅር በሉኝ ኣቦይ፤ እኔ እኮ ባዶውን እንዳይሆን ብዬ...»

«ተቀመጥ» አሉት። «በጨዋነት ስንት ሰው ሞቷል።»

ኣኽበረት ዲስኩን ይዛ ቆመች። እንደ ገና ብትሳሳት የተገኘው ዐሥሩም ይሄዳል። ዐሥሩን በሁለት ንጹሕ ዲስክ ገለበጠችና አንዱን ኣቦይ ኪዳኑ ኪስ፣ አንዱን ራሷ ደረት ውስጥ ከተተች። ከዚያ የሊባኖስን ዲስክ ትንሽ መስኮት ከፈተች፤ ኮምፒውተሩ በንጹሑ መንቃቱን ሁለቴ አየች፤ አስገባችው። ማጽጃው ገና ሲቀምሰው ጮኸ። ሊባኖስም አብሮ ጮኸ።

«ዝም በል፤ እሱ ሥራው ነው» አለችው። ጨዋታውን አልነካችም። ምዕራፍ ሰባትን ብቻ ጠራች፤ ገለበጠች፤ ዲስኩን ወዲያው ከአፉ አወጣች። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ።

«የመጨረሻውን መስመር አንብቢልኝ» አሉ ኣቦይ ኪዳኑ።

«ሠላሳ አንደኛና የመጨረሻ፣ ኪዳኑ፤ ፍሬኑ ተበጥሶ፣ ብስክሌቱን ተሸክሞ በእግሩ የገባ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በትክክል። የአንደኛውን ስም ሰው ያስታውሰዋል። የመጨረሻው ነበር እንዳይጠፋ የፈራሁት።» ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ዲስኩ አለ። «የቐንየለይ፣ ጓለይ» ሲሉ አመሰገኗት።

ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። ሊባኖስ በመንገድ ማንንም ሰላም አላለም፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

ቫይረሱ የመጣው ከእሱ መሆኑን ለሰው መንገር ግን አላስቻለውም። ቡና ቤት ገብቶ «እንዴት ዳነ?» ሲሉት፣ «አንዲት ስስ ነገር አስገባችበትና ነቃ» አለ፤ ከዚያ በላይ ትንፍሽ አላለም። ፔኒሲሊኑ ከዚህ ተወለደ።

በግንቦት፣ ውድድሩ ባለቀ ማግስት፣ ኣኽበረትና ኣቦይ ኪዳኑ ወደዚያው ቡና ቤት ገቡ። ሽማግሌው መጽሐፉን ዐይናቸው ሥር ድረስ አቅርበው ሽፋኑን ያያሉ። ቡና ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ።

«ኣኽበረት ሐብተይ፣ እኅቴ» አለች ብርክቲ፣ «የአክስቴን ልጅ ኮምፒውተር መርፌ ብትወጊልን? ምጽዋ ድረስ እኛ እናደርሰዋለን።»

«ጠርሙሱንም አሳዪን» አለ ሌላው ከማዶ።

ከበደ ሰዓቱን አስቀምጦ ጆሮውን አቀና።

«መርፌ የለም» አለች ኣኽበረት። «ምጽዋ ከሄድኩ ሦስት ዓመቴ። አሸዋ የለም፣ ጠርሙስ የለም፣ አልጋዬ ሥር ያለው ጫማዬ ነው። ያስነሣሁትም ኮምፒውተር የለም፤ የነበረው ሁሉ ሞቶ ጠፍቷል፣ እኔው ራሴ ጠርጌ ጣልኩት። መጽሐፉ የተረፈው እናንተ ቤት ስለ ነበር ነው። ከወሬው አንዲትም ቃል እውነት የለባትም።»