በተፍኪ ጭቃ ውስጥ የፈለግነው ቁልፍ

አባቴ የሞተው ጎህ ሳይቀድ ነው። እኔ ያን ቀን ሙሉ፣ በሕይወት እንዳለ ሰው ስለ እሱ ሳወራ ዋልኩ። አጠገቤ መሪ ይዞ የተቀመጠው አጎቴ ግን ያውቅ ነበር።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። በኦሮምኛ ኤሱማ እለዋለሁ፤ ሰፈሩም ከእኔ ወስዶ ኤሱማ ይለዋል። ከሰበታ ዓለም ገና፣ ከዓለም ገና አየር ጤና ሲመላለስ ያረጀ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። መኪናዋም አብራው አርጅታ ከመስመር ስትወጣ ሊሸጣት አንጀቱ አልቻለም። ወንበሮቿን ፈታቶ አወጣ፣ ፍራሽ አነጠፈ፣ ከኋላ በር አጠገብ ትንሽ የጋዝ ምድጃ አሰረ፣ በየመስኮቱ መጋረጃ ሰቀለ። ሰበታ ያለ አንድ በያጅ ከኋላዋ የብረት መስቀያ ሠራላት፤ በሱ ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ሳይክሎች ጭነን፣ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ በቀደድነው ላስቲክ ጠፍረን እናስራቸዋለን። ሳይክሎቹ ከባድ ናቸው። መኪናዋ ጭነት እንደበዛባት አህያ ከኋላዋ ሰበር ብላ ነበር የምትሄደው። ዓለም ገና ላይ የባጃጅ ልጆች ሲያዩን አንድ የማይሰለቻቸው ቀልድ ነበራቸው፤ ኤሱማ፣ መኪናዋ ስትቆም በሳይክሉ ልትጎትታት ነው ይሉታል። እሱም አንተንም ከነባጃጅህ ይላቸዋል።

በዓልና እሑድ ሲሆን እንወጣለን። አጎቴ ከአስፋልት ግራና ቀኝ ያለውን አገር ዕድሜውን ሙሉ ያየው በመስታወት ነው። አሁን መኪናዋን ዛፍ ሥር ያቆማትና ሳይክል አውርደን በእግር መንገዱ እንገባለን። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ትምህርት ቤት ግጥም አላስተማረኝም፤ ከሰው አፍና ካገኘሁት ወረቀት ሁሉ ለቅሜ የተማርኩ ነኝ፤ ስንኝ የሚመጣልኝም ስሄድ ነው። ባትሪው እያገዘኝ ዳገት ስወጣ፣ እግሬ ሳይደክም ልቤ ብቻ ሲሮጥ፣ ያኔ ይመጣል። ስልኬ ላይ እጽፈዋለሁ።

የዚያን ሳምንት ዕቅዳችን ከተማዋን በዳር በዳሯ መዞር ነበር። ቅዳሜ ተፍኪ ማደር፣ እሑድ በሰበታና በቡራዩ አድርገን ሱሉልታ አባቴ ቤት መግባት።

አባቴ ጉልበቱ ሳለ በሳይክል ነበር የሚሠራው። ከየገበሬው ደጅ ወተት ይሰበስብና፣ በግራና በቀኝ ቢዶን አንጠልጥሎ፣ ሱሉልታ ላለው መረከቢያ ያደርሳል። ሳንባው ሲደክም ሳይክሉን ለጎረቤት ሰጠ። ኋላ ላይ ከቤቱ እስከ አጥሩ በር ለመድረስ እንኳ መሃል ላይ ቆሞ ይተነፍስ ነበር። ቅዳሜ ከተፍኪ ደወልኩለት። ድምፁ ደክሟል፤ ቀልዱ ግን እንዳለ ነው።

"ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ስገፋት ኖርኩ" አለኝ። "አሁን ደግሞ እሷ ትግፋኝ። ይዘህልኝ ና።"

ከቤቱ አጠገብ ያለውን የኳስ ሜዳ በኤሌክትሪክ ሳይክሏ አንድ ጊዜ ሊዞርባት ነበር ምኞቱ። በጥቅምት ብርድ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ደጅ መቀመጥ አይችልም። ፀሐይ ሳለች እደርሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት።

በማግስቱ ስነቃ አጎቴ ስልክ ይዞ ወደ ሜዳው ርቆ ሄዷል። የተፍኪን ሜዳ የሸፈነው የክረምት ውሃ ገና መሸሹ ነበር፤ መሬቱ ጥቁር፣ እግር የሚይዝ ጭቃ ነው፤ ሽመላዎች በቀስታ ይራመዱበታል። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ብዙ ቆመ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል። ቁልፉ ጠፋብኝ አለኝ።

የሳይክሎቹ ባትሪ ያለ ቁልፍ አይነሳም። የሁለቱም ቁልፍ በአንድ ቀይ ክር ላይ ነበር። ትናንት ስንዞር ሳይወድቅ አልቀረም አለና ሜዳውን እንድንፈልግ አደረገኝ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ የጎማችንን ፋና እየተከተልኩ ጭቃውን በጣቴ ሳበጥር አረፈድኩ። ነገር ማየት እወዳለሁ፤ ሰው የማያየውን አያለሁ ብዬም እኮራ ነበር። አጎቴ አብሮኝ ሲፈልግ ዓይኑ መሬት ላይ እንዳልነበረ አይቻለሁ። ወደ ሱሉልታ አቅጣጫ፣ ወደ ተራራው ነበር የሚያየው። ያየሁትን ግን አላነበብኩትም።

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።

በስልክ የተነገረውን በኋላ ነው የሰማሁት። የደወሉት የአባቴ ጎረቤት፣ የእድሩ ሽማግሌ ናቸው። ያሉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ልጁን ይዘህ ና፣ መንገድ ላይ እንዳትነግረው። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይ ላለ ሰውም አይነገርም። ሰውየው እህል ቀምሶ፣ እንቅልፍ ተኝቶ፣ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ የሚያለቅስለት ሰው ከደጅ ተሰብስቦ ይቆያል። አጎቴ ይህን ሲፈጽም የኖረ ሰው ነው። ቀብሩ መቼ ነው ብሎ አልጠየቀም። እህቴ ከጅማ እስክትደርስ ተጠብቆ ነገ ይሆናል ብሎ በልቡ ወሰነ። እህቴ ግን አባቴን ልትጠይቅ መጥታ ሱሉልታ ከገባች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። እሱ አላወቀም።

ስለዚህ የእሱ ሥራ ቀኑን መግፋት ሆነ። ለቅሶ ቤቱን ሳላይ፣ ከሳይክል ላይ ሳልወድቅበት፣ ወሬው ከሰው አፍ ሳያመልጥ፣ እስከሚቀጥለው ንጋት ድረስ እኔን ማቆየት። ስልኬን ለአንድ ነገር ብሎ ተዋሰኝና ዘጋው፤ የራሱንም ዘጋ። ባትሪ ጨርሰዋል አለኝ። የመጣልኝን ስንኝ የት ልጻፍ ብዬ ተነጫነጭኩበት። በቃልህ ያዘው፣ የድሮ ሰው በቃሉ ነበር የሚይዘው አለኝ፤ ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። ጉንፋን ይዞሃል አልኩት።

ሰበታ ላይ ጎማ ማስነፋት አለብን ብሎ ቆመ። ጎማው ደህና ነበር። ጎማ ነፊው ልጅ ነፍቶ ሲጨርስ አጎቴ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አለው፤ ልጁ ቀና ብሎ አየኝና እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ብዙ ጠረገው። ቡራዩ መግቢያ ላይ ደግሞ ትራፊክ አስቆመን። ሳይክሎቹ ታርጋውን ሸፍነውታል፤ ከዚህ በፊትም በዚሁ ተከሰን እናውቃለን። አጎቴ ወርዶ ከኋላ በኩል አነጋገረው። በመስታወት አያቸው ነበር። ትራፊኩ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ወደ እኔ መስኮት መጥቶ አይዞህ ወንድሜ አለኝና እለፉ ብሎ እጁን ዘረጋ። ኤሱማ ምን ብለህ አሳመንከው ብዬ ሳቅሁ። እሱ መኪናዋን አስነሳ።

ምግብ ቤትም እንዲሁ ሆነ። ለእኔ ጥብስ አዘዘ፤ እሱ ውሃ ብቻ ጠጣ። ባለቤቲቱ ያላዘዝነውን ጨምራ አመጣችና ትከሻዬን እየዳበሰች ብላ ልጄ፣ ጉልበት ያስፈልግሃል አለችኝ። ከእኔ በቀር አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። አባቴ ሞቶ እኔ ጥብስ በላሁ፤ ጣፍጦኝ ነበር የበላሁት። እስካሁን ከሁሉ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ስንወጣ ፀሐይ መሃል ሰማይ ላይ ነበረች። በዚህ አካሄድ ሳይመሽ አንደርስም አልኩት። አንደኛውን ሳይክል አውርድልኝ፣ ቁልፉን አንድ ባለሙያ ይስበርልን፣ ልቅደም አልኩ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ከቡራዩ ተነስቼ፣ በአስኮ አቋርጬ፣ በእንጦጦ ዳገት ሱሉልታ ገብቼ አውቃለሁ። ባትሪው ዓርብ ሰበታ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላ አድሮ ነበር፤ ቅዳሜም ብዙ አልነዳንበትም። ፀሐይ ሳለች እደርሳለሁ፤ አባቴን ኮርቻው ላይ አስቀምጬ፣ በጎን ይዤ፣ ሜዳውን አዞረዋለሁ።

"አባቴ ደጅ ሆኖ ይጠብቀኛል እኮ" አልኩት።

አጎቴ ወደ ሳይክሎቹ ዞረና ላስቲኮቹን እንደገና ማጥበቅ ጀመረ። የጠበቀውን ነበር የሚያጠብቀው።

"አብረን እንገባለን" አለኝ። "ብቻህን አልሰድህም።"

ተቆጣሁ። አሮጌ፣ ፈሪ፣ ዕድሜ ልክህን ስትጎተት የኖርክ አልኩት።  ወደ ገፈርሳ ግድብ ወስዶ ውሃው ዳር አቆመኝ፤ ብርቱካን ልጦ ሰጠኝ፤ አልቀበልም ስለው ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ነፋሱ ውሃውን ወደ እኛ ይገፋው ነበር። በዚያው ሰዓት ሱሉልታ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሬሳውን ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። እህቴ ወደ ስልኬ ትደውላለች፣ ሽማግሌው ወደ አጎቴ ይደውላሉ። ሁለቱም ዝግ ነው።

በመጨረሻ የእንጦጦን ዳገት ወጥተን ሱሉልታ ቁልቁል መታየት ስትጀምር መሽቷል። አጎቴ መኪናዋን ከመንገዱ ገለል አድርጎ አቆመ። የኋላ መብራታችን በሳይክሎቹ ተሸፍኗል፤ በዚህ ጨለማ ከኋላችን የሚመጣ ሲኖትራክ ይጨፈልቀናል፤ እዚሁ እንደር አለ። የከተማዋ መብራት እታች ይታየኛል። ከመብራቶቹ አንዱ የአባቴ ደጅ ነው ብዬ እየመረጥኩ፣ እንደተኮራረፍን እንቅልፍ ወሰደኝ።

እኔ ስተኛ ስልኩን ከፈተ። ያለንበትን ለሽማግሌው ሊነግር ደወለ፤ እነሱም መቅበራቸውን ነገሩት። ስነቃ ፍራሹ ላይ አልነበረም። መሪው ላይ እጆቹን እንዳስቀመጠ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፊት ለፊቱን እያየ ነበር። ዞሮ አላየኝም። የመኪናዋ በር በቀስታ ተንኳኳ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ መጀመሪያ ያየሁት ሴቶቹን ነው፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ባይናገር ይበቃኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ወጉን ፈጸሙ።

"ልጄ፣ አባትህ አርፏል" አሉኝ። "ጀባዹ፣ በርታ።"

ያዙኝ። እንደተባለውም ስወድቅ የሚይዘኝ ሰው ነበር። ብዙ ቆይቼ አንደበቴ ሲመለስ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው አጎቴን አዩት።

"ቆየንህ" አሉ። "ፀሐይ እስክትወርድ ቆየንህ። ከዚያ በላይ ካህናቱም አልቻሉ፣ እኛም አልቻልን።"

አጎቴ ያኔ ነው ከመኪናዋ የወረደው። ደረቱን እየመታ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ፤ ሲጎነበስ ባለ ቀይ ክሩ ቁልፍ ከኪሱ ወደቀ። ምን እንደሆነ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማንም ሳያየው አንስቼ ኪሴ ከተትኩት።

መቃብሩ ላይ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። በእኛ ልማድ ልጅ በአባቱ ላይ አፈር ያለብሳል። እኔ የለበሰ ላይ አለበስኩ። ዘመዶቼ ቆመው ጠበቁኝ፤ አንዱ አጎቴን የት ነበርክ ብሎ በሁሉም ፊት ጠየቀው። ጥፋቴ ነው አለ።

በለቅሶው ቀናት አጎቴ ድንኳን ውስጥ አልገባም። ከውጭ፣ እንጨት ከሚፈለጥበት ጎን ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ውሃ ይቀዳል፣ ሰው ይሸኛል፣ ወንበር ይሸከማል፤ ከዘመድ ተራ ግን ቦታ የለኝም ብሏል። በሠልስቱ ዕለት አንዲት አልቃሽ የአባቴ ዘመድ፣ አጎቴ እንዲሰማ ወደ ደጅ ዞራ አወረደችው፤

ሁለት ሳይክል ያለው፣ ባለ መኪና ዘመድ፣
ጠፋው ወይ ለአንድ ቀን የሱሉልታ መንገድ።

ቤቱን ጥሩ አድርጎ የሚመታ ስንኝ ነበር። እኔ ለአባቴ አንድ መስመር እንኳ ማግኘት አቅቶኝ ሳለ ይህ ያለ ልክ አማረ። ድንኳኑ በለቅሶ ተነሳ። አጎቴ የያዘውን ጀሪካን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ።

ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንጨት የሚፈልጡት ገለል አሉልን። አጎቴ መሬት መሬቱን እያየ ጠየቀኝ።

"ቡራዩ ላይ ሳይክሉን ብሰጥህ ትደርስ ነበር?"

አውቃለሁ። ያንን ዳገት በዚያ ባትሪ ወጥቼዋለሁ፤ ትርፍም ነበረው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሳይክሉን ጥዬ እገባ ነበር። ሬሳው ገና ከደጀ ሰላሙ ሳይነሳ እደርስ ነበር። ፊቱን አይ ነበር።

"አልደርስም ነበር" አልኩት። "ዳገቱ ላይ ባትሪው ያልቅብኝ ነበር፣ ኤሱማ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ባትሪውን ቅዳሜ ከሶኬቱ የነቀለው ራሱ ነው፤ ምን ያህል እንደሞላ ያውቃል። እውነቱን ሊነግረኝ መስሎኝ ነበር።

"አዎ" አለ በመጨረሻ። "ያ ዳገት ከባድ ነው።"

ክንዱን ይዤ አስነሳሁት። ጫማውን ደጅ ላይ አራገፈ፣ ድንኳኑ ውስጥ ገባ፣ ዘመዶቼም ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት።