ኮብልስቶን ላይ የሚሮጥ ልብ

ሐይቁ ማለዳ ላይ ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ሰው ይመስላል። ጉም ይለብሳል፤ ጀልባዎቹ ውኃ ላይ ይሁኑ አየር ላይ አይለይም። እኔ በዚያ ሰዓት በብስክሌቴ ዳር ዳሩን ስሄድ ዕድሜዬን እረሳዋለሁ። እግሬ የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ፔዳሉ ብቻ ይዞራል። ሌላ ደስታ የለኝም። ስለዚህ ይህችን ሊነጥቁኝ ሲመጡ ዝም አላልኩም።

ነገሩ የመጣው በሰዓት ነው። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ልጄ አንድ ጥቁር ሰዓት እጄ ላይ አሰረችልኝ። ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የልብ ምት ይቆጥራል አለችኝ፤ የቆጠረውንም እሷ በስልኳ ታያለች። እኔ ደግሞ ሰዓት የማስረው አላልቼ ነው። በእኛ ጊዜ ወንድ ልጅ ሰዓቱ እጁ ላይ እንደ አምባር ወዲያ ወዲህ ሲል ነበር የሚያምርበት። የጠበቀ ሰዓት ካቴና ይመስለኛል። እሷ አጥብቃልኝ ትገባለች፣ እኔ በር ላይ አላላዋለሁ።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ስልኳን ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ዛሬ የት ነበሩ?»

«ሐይቅ።»

«የልብዎ ምት መቶ ሰባ ደርሷል። በእርስዎ ዕድሜ ይሄ አደጋ ነው።»

«ምንም አልተሰማኝም። እንዲያውም እያንጎራጎርኩ ነበር።»

«ሰው ሳይሰማውም ይወድቃል።»

ብስክሌቱን ግቢያችን ካለው ዛፍ ጋር በሰንሰለት አሰረችው፤ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እናቷ ድንገት ከሞተች ወዲህ ምን እንደምትፈራ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልጮህኩባትም። ግን አልተስማማሁም።

መናኸሪያ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ፣ ጠዋት ጠዋት አብሮኝ የሚነዳው፣ ስቀርበት ሊጠይቀኝ መጣ። ሰንሰለቱን አየና፣

«ምን አጥፍቶ ታሰረ?» አለኝ።

«ልቤ ሮጠ ተብሎ ነው።»

«አንተን እኮ አህያ ነው የሚቀድምህ። ልብህ ብቻውን ወዴት ሮጠ?»

ማታ ልጄን፣ «እንግዲህ ሰዓቱን አምነሻል። ነይና ደግሞ በጣትሽ ቁጠሪው» አልኳት። ስልኳን አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ቅዳሜ ማለዳ ግን ቁልፉን ይዛ ተነሳች፤ የጓደኛዬን ብስክሌት ተውሳ ከጎኔ ነዳች።

አስፋልቱ ላይ ሰዓቱ ጨዋ ነበር። ሐይቁ ዳር ያለው ኮብልስቶን ላይ ስንገባ መሪው ይንቀጠቀጥ፣ ሰዓቱም እጄ ላይ ይንሸራተት ጀመር።

«አባባ፣ ይቁሙ። ይኸው ቁጥሩ ወጣ።»

ቆምኩ። ወዲያው ሁለት ጣቷን ከመንጋጋዬ ሥር አድርጋ መቁጠር ያዘች። ጉሙ እስከ ጉልበታችን ነበር። አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ፈንጠር ብሎ እንደ ሽማግሌ ቆሞ ያየናል። ጣቶቿ ይቀዘቅዛሉ። ልቤ ከነሱ ሥር ሲመታ እኔም ሰማሁት፤ ከሩቅ የሚመጣ መቅዘፊያ ይመስል ነበር። ሰው እንደዚያ ከነካኝ ስንት ጊዜው ነው። ባትጨርስ ደስ ባለኝ።

«መቶ አሥር እንኳ አይሞላም» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ሰዓቱን በጣቷ ገፋ ብታደርገው እስከ ክንዴ ወጣ። «ይሄን ያህል ያላሉት እርስዎ ነዎት? ይሄ የቆጠረው የድንጋዩን መንቀጥቀጥ ነው እንጂ የእርስዎን ልብ አይደለም።»

«እኔስ ምን አልኩሽ?»

«ማላላትዎን መቼ ነገሩኝ?»

እጄን ዘረጋሁላት። ከእጄ አንጓ ከፍ አድርጋ አጠበቀችው። እንደገና ነዳን። አስፋልቱ ላይ ሰዓቱና ጣቷ የቆጠሩት ተቀራረበ፤ ድንጋዩ ላይ ግን ጠብቆም እንደገና ተሳሳተ፣ የፊተኛውን ያህል ባይሆንም።

«ድንጋይ ላይ አይታመንም» አለች። ቁልፉን ዘረጋችልኝና መልሳ ያዝ አደረገችው። «አስፋልት ላይ ብቻ ይነዳሉ።»

«ሐይቁ ያለው ድንጋዩ ጋ ነው።»

«እዚያ ሲደርሱ ወርደው ይግፉታ። እኔም የማየው ቁጥር እውነት ይሁንልኝ።»

«ብስክሌት ይገፋል እንዴ?»

«ካልተገፋ ይታሰራል።»

ቁልፉን ተቀበልኳት።

አሁን እዚያ ስደርስ ወርጄ እገፋለሁ፤ ጓደኛዬ እየነዳ ያልፈኛል፣ ይስቅብኛል። ሰዓቱን አላላላውም፤ እጄ ላይ መስመር አውጥቷል። በእግር ሲሆን ጉሙ ቀስ ብሎ ያልፋል። ውኃው ከቄጠማው ሥር ሲላወስ ይሰማል፤ ስነዳ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እሷም ይሄኔ ስልኳን እያየች ይሆናል። ድንጋዩ ሲያልቅ ግን ማንንም ሳልጠይቅ ብስክሌቴ ላይ እወጣለሁ።