የሸማኔ ቋጠሮ በአባያ ላይ

ባለፈው ሳምንት፣ የበልጉ ዝናብ አንድ ቀን ጥሎ አንድ ቀን ሲያባራ፣ እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ እኔ በር የምጠብቅበት ግቢ ውስጥ የተከራየ አንድ ልጅ የናይሎን ጥቅልና ሁለት መንጠቆ ይዞ መጣ። ናሆም ይባላል። ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ተምሮ ተመረቀ፤ ሥራ ግን አላገኘም። ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ይውልና ሲመሽ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ያን ቀን አጠገቤ ቁጢጥ አለና፣ "አባባ፣ ድሮ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ አሉኝ። የመንጠቆውን ክር ከዚህ ከረጅሙ ጋር ይቀጥሉልኝ፤ ነገ አባያ ልወርድ ነው" አለኝ።

ተቀበልኩት። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ እጄ ግን ዓይን አይጠብቅም። ስለ ዝናቡ እያወራሁት ሁለቱን ጫፍ አቆላለፍኩ፣ በአውራ ጣቴ ላይ አዞርኩ፣ ሳብኩ። ልጁ ፍጥነቴን አይቶ ሳቀ። እኔ ግን ቋጠሮውን ዝቅ ብዬ አየሁት። የሸማኔ ቋጠሮ ነበር። በጥርሴ ይዤ ፈታሁት።

"ቆይ ልጄ፣ ይሄ ለዓሣ አይሆንም" አልኩት።

ለምን እንደማይሆን አልነገርኩትም። አሁን እዚህ ልጽፈው ነው። ትምህርቴ ከሁለተኛ ክፍል አያልፍምና ጽሑፌ ቢንገዳገድ ይቅር በሉኝ።

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። አርባን ተሻግሬ ነበር። በዕድሜ ወጣት አልባልም፤ በሐይቅ ሥራ ግን ገና ጨቅላ ነበርኩ። አገሬ ኦቾሎ ነው፤ ከአባያ በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ። ከቤታችን ደጃፍ ቆሞ ሐይቁን ቁልቁል ማየት ይቻላል። ሆኖም እኛ የሸማ ሰዎች ነን። ሐይቁን ዝናብ መምጣቱን ለማወቅ እናየዋለን እንጂ ሰው ወርዶ ይበላበታል ብለን አናስብም ነበር።

እኔ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አጎቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ አባቴን፣ "ልጁን ስጠኝ፤ እየበላ ይማራል" ብሎ ወሰደኝ። በላሁ፤ እሱን አልክድም። የተማርኩት ግን ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እግሬን የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ነው። መጀመሪያ ያስተማሩኝ የተበጠሰ ድር መቀጠልን ነው። ቋጠሮው ትንሽና ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ ሸማው ላይ እብጠት እንዳይተው። ካበጠ በኩርኩም ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ አምልጬ አገሬ ገባሁ። ያ ቋጠሮ አብሮኝ ገባ።

እንግዲህ በዚያ ዓመት የእንሰት በሽታ ጓሯችንን ጨረሰው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይንጠለጠላል፣ ግንዱን ስትቆርጡት ቢጫ መግል ያወጣል። ያለፈውም በልግ ቀርቶብን ስለነበር ገብስ አልነበረንም። ሸማ የሚገዛ ጠፋ፤ ሁሉም ሰው እህል ነው የሚፈልገው። ሦስት ልጆች ነበሩን። ትልቋ ፀሐይ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ለገና የአጎቴ ልጅ ደምሴ ከአዲስ አበባ መጣ። እሱም እንደ አባቱ ሸማኔ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ቤታችንን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "ልጅቷን ስጠኝ። እየበላች ትማራለች። የፋሲካ ማግስት መጥቼ እወስዳታለሁ" አለኝ።

ቃሉ አንድ እንኳ አልተለወጠም።

ባለቤቴ፣ አመነች የምትባለው፣ ደምሴን ሸኝታ ተመለሰች። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆማ ሐይቁን አየችና ሰዎች ከዚያ እየበሉ እኛ እዚህ ቆመን እናያለን አለች። በነጋታው ወረድኩ።

ከሐሬ ወንዝ አፍ አጠገብ ጋሽ ኦይቻ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። አብሯቸው የሚሠራው ሰው ሙዝ እርሻ ገብቶ ጀልባቸው ላይ ብቻቸውን ቀርተዋል። ከደጋ የወረደ ሸማኔ ሲያዩ ሳቁብኝ፤ ውሃ ላይ ጥጥ አይበቅልም አሉኝ። ቢሆንም እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበርና ሰው ይፈልጉ ነበር። እስከ ፋሲካ እንሞካከር፣ የጎርፉ ዓሣ ከቀናን የጀልባው ግማሽ ያንተ ነው አሉኝ። ግማሽ ጀልባ ማለት ልጄ ቤቷ ቀረች ማለት ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ዓሣ የሚጭን መኪና በየጠዋቱ ዳር ድረስ ይመጣል። ለአመነችም በሰው መልእክት ላክሁላት፤ ደምሴ ቢመጣ ልጅ አንሰጥም ልትዪው ተዘጋጂ ብዬ።

ምኑን ሁሉ አስተማሩኝ። ትልቁ ነጭ ዓሣ፣ ያ ጥጃ የሚያህለው፣ በበጋ ጥልቁ ውስጥ ይተኛል። የመጀመሪያው የበልግ ጎርፍ በወንዙ ሲወርድ ግን ይነሳል። የተራራው ውሃ ቀዝቃዛና ወፍራም ስለሆነ ትናንሾቹ ዓሣዎች ይሸሹታል፤ ሸሽተው ሙቁና ቀጭኑ ውሃ ጫፍ ላይ ይከማቻሉ። ነጩ ዓሣ እዚያ ድንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃቸዋል። ጎርፉ ውስጥ መንጠቆ የጣለ አምባዛ ያገኛል፣ ከድንበሩ የራቀ ባዶውን ይመለሳል። ጋሽ ኦይቻ ድንበሩን በዓይን አይፈልጉትም፤ አባያ ሁሌም ቀይ ነው፣ ዓይን ያታልላል። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ያጠልቁና ብርዱና ሙቀቱ የሚገናኙበትን በቆዳቸው ያውቁታል። ያ ድንበር የሚቆየው ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን ነው። ከዚያ የከሰዓቱ ነፋስ ያምሰውና ውሃው አንድ ይሆናል።

እኛም ጠበቅን። መጋቢት እያለቀ ሰማዩ ደርቆ ቀረ። ሁዳዴው ወደ ማብቂያው ሄደ። በየቀኑ ጠዋት ወደ ኦቾሎ አንጋጥጬ ደመና እፈልጋለሁ፤ ወንዙ ድንጋይ ለድንጋይ ይንጠባጠባል። ቀን ቆጠርኩ እንጂ ዓሣ አልቆጠርኩም። በመጨረሻ፣ ለሆሳዕና አራት ቀን ሲቀር፣ ደጋው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበና ሐሬ ጠዋት ግንድ እያንከባለለ ወረደ። የእርጥብ አፈር ሽታው እስከ ዳር ድረስ ያውዳል።

ጋሽ ኦይቻ መስመራቸውን አወጡ። አንድ ረጅም ገመድ ነው፤ በየሁለት ክንዱ አጭር የናይሎን ጅራት አለው፣ በየጅራቱ ላይ ደግሞ የመንጠቆው ክር ይቀጠላል። አርባ መንጠቆ ነው። አሮጌው ክር ስለላላ ሁሉንም በአዲስ መቀጠል ነበረብን። እሳቸው ማጥመጃ የሚሆን ትናንሽ አምባዛ ሊይዙ ሄዱ፤ ቅጥሉን ለእኔ ተዉልኝ። ያቺን ሰዓት መቼም አልረሳትም። የሾላ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጫለሁ። ከወረድኩ ጀምሮ መቅዘፊያ አያያዜ፣ አቀማመጤ፣ አረማመዴ ሁሉ ሲያስቅብኝ ከርሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀው ሥራ እጄ ገባ። የሽፈራው ቅጠል የገባበት ኩርኩፋ፣ ያ የበቆሎ ሊጥ ቅቅል፣ እሳት ላይ ሳይበስል አርባውን ቀጥዬ ጨረስኩ። ጋሽ ኦይቻ ሲመለሱ አላመኑም። "እኔ እስኪመሽ የምውልበትን ነው። ሸማኔው ለካ ጣት አለህ" አሉኝ። አንዷን እንኳ ስበው አላዩም። በዳጣ ኩርኩፋችንን በላን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

ነፋሱ ሲበርድ ወጥተን ጣልን። አምባዛዎቹን በሕይወት እንዲቆዩ ጀርባቸው ላይ ነው የምንሰካቸው። በመስመሩ ሁለት ጫፍ ባዶ ጀሪካን አሰርን፤ ክንዳቸውን እየነከሩ ልክ ድንበሩ ላይ አስቀመጡት። ጎሕ ሲቀድ ተመለስን። አንደኛው ጀሪካን ከቦታው ተስቦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጋሽ ኦይቻ ይህን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ዓሣ አለ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ጅራት ሳቡ። ባዶ ነው። መንጠቆም የለ፣ ክርም የለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። "አዞ ነው" አሉ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛው ላይ ገመዱ ከበደ። ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎ የብር ጎን። ከጀልባችን ወርድ ይበልጣል። ዓይኑ ወርቅማ ነው፣ ደክሞት በጎኑ ተጋድሟል። እኔ ጫፉ የተቆለመመውን ብረት ይዤ ጎንበስ አልኩ፤ ቋጠሮዬ ከፊቴ አንድ ስንዝር ነበረች። እየተንቀሳቀሰች ነው። አንደኛው ጫፍ ሌላው ውስጥ ቀስ ብሎ ይሾልካል፣ ለስላሳ ነው፣ ምንም አይቸኩልም። ብረቱን ጥዬ ክሩን በመዳፌ ጨበጥኩ። ክሩ ሥጋዬን ሰንጥቆ ወጣ። ዓሣው ጅራቱን አንዴ ነቅነቅ አድርጎ ወረደ። አልታገለም እንኳ።

ጋሽ ኦይቻ ባዶዋን ጅራት አንስተው በከንፈራቸው ላይ አሳለፏት። አዞ የቆረጠው ክር ይሻክራል። ይቺ ለስላሳ ነበረች፤ ጫፏ ተጠቅልሏል።

"አዞ አይደለም" አሉ።

እኔ ደም የሚወርደውን መዳፌን አያለሁ።

"ይሄን ቋጠሮ ማን አስተማረህ?"

"አጎቴ ቤት፣ ሽሮ ሜዳ። ልጅ ሆኜ።"

"በስንት ዓመትህ?"

"በስምንት።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ኦቾሎ ገደል ቀና ብለው አዩ። "ታዲያ እጅህ ምን ያድርግ" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አላነሱብኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥጥ ደረቅ ነው፣ ክር ክሩን ይነክሳል። ናይሎን ርጥብ ሲሆን አይነክስም። ይህን ለማወቅ ሃያ ዘጠኝ መንጠቆ ፈጀብኝ። የተረፉት አሥራ አንድ ነበሩ፣ በእነሱም ላይ ሦስት ከረሮ ብቻ፤ ያ ሰው ብዙ የማይፈልገው ጢማም ዓሣ። ከሐይቁ ዳር እየሮጥኩ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ገባሁ። መንጠቆ የሚሸጠው በስልጤው ነጋዴ በከድር ሱቅ ነው። "ትልቁ አልቋል ጋሼ፣ ዕቃ የሚመጣልኝ ከፋሲካ በኋላ ነው" አለኝ። መዳፌ የታሰረበትን ጨርቅ አየ። ሳልለምነው መሳቢያዎቹን ሁሉ ገለበጠ፤ ዝገት የነካቸው ሁለት አገኘና ውሰዳቸው ብሎ ሰጠኝ። ጋሽ ኦይቻ እነሱን ሲቀጥሉ አሳዩኝ፤ ስድስት ጊዜ ይዞራል፣ ምራቅ ይቀባል፣ ቀስ ተብሎ ይሳባል። በአሥራ ሦስት መንጠቆ ሁለት ቀን ታገልን። ዓሣው ሰው ፈርቷል፣ ወይም ጠግቧል፤ እንጃ። በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ሐይቁን አመሰው። ጋሽ ኦይቻ ክንዳቸውን ነክረው አወጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንበሩ ጠፍቷል። ለከርሞ መጋቢት ና፣ ቦታህን ለሌላ አልሰጥም አሉኝ።

ከርሞ። ፋሲካ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

የደረቁትን ሦስት ከረሮዎች ይዤ ገደሉን ወጣሁ። ደምሴ በቃሉ መጣ። የፀሐይ ፀጉር ተሠርቷል። አመነች አንዴ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወዲያ የልጅቷን ልብስ ስታጥፍ ቀና አላለችም። ማታ እሳት ዳር ፀሐይ ተጠጋችኝ።

"አባዬ፣ ዓሣው ትልቅ ነበር?"

"ትልቅ ነበር።"

"ጥጃ ያህላል?"

"ጥጃ ያህላል።"

ደስ አላት። አባቷ ትልቅ ዓሣ አይቷል።

እንቢ ማለት እችል ነበር? ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ሁለት ትናንሽ ልጆች ነበሩ፣ ድስቱም ባዶ ነበር። ግን እንቢ አላልኩም፤ እውነቱ ይሄ ነው። ጠዋት ጥቅሏን ራሴ አሰርኩላት፤ ስድስት ጊዜ አዙሬ፣ ምራቄን ቀብቼ፣ ቀስ ብዬ ሳብኩ። እስከ መንገዱ ማጠፊያ ድረስ እየዘለለች ነበር የሄደችው።

በዓመቱ መጋቢት ወረድኩ፤ ትንሽ ቀናን። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ የጀልባው ግማሽ የእኔ ሆነ፤ ክረምት ሳይገባ አዲስ አበባ ሄጄ አመጣኋት። የክር መጠቅለያዋ ቀሰም ላይ ማግ ስታጠነጥን ነው የደረስኩባት። ረዝማለች፤ ወሬዋ አጥሯል። ሶዶን አልፈን አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ የጥቅሏ ገመድ በመሃል ተበጠሰ። ላስርላት እጄን ስዘረጋ ቀደመችኝ። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው፤ ጣቶቿ ሁለቱን ጫፍ አቆላለፉ፣ በአውራ ጣቷ ላይ አዞሩ፣ ሳቡ። ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ እብጠት የሌለው።

"አይፈታም አባዬ፣ አትስጋ" አለችኝ።

እስከ አርባ ምንጭ ድረስ ያን ቋጠሮ እያየሁ ሄድኩ።

አሁን ሐዋሳ ነው የምትኖረው፤ ልጆቿ ይማራሉ፣ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ወቅሳኝ አታውቅም። ናሆም ክሩን በሰጠሁት ማግስት ሲመሽ ከአባያ ተመለሰ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ ምንም አልያዘም። ተስፋ ቆርጦ ክሩን እግሬ ሥር ጣለው። አነሳሁና ቋጠሮውን በከንፈሬ ላይ አሳለፍኩት። አልተንቀሳቀሰም። ነገ ውሃውን በክንዱ እንዲለካ ነገርኩት። የሰጠሁት ቋጠሮ ስድስት ዙር ያለው ነው፤ በምራቅ የታሰረው። ግን መጀመሪያ እጄ ላይ የመጣው እሱ አልነበረም። ይኸው ሽማግሌ ሆኜ እንኳ፣ ሁሌ አንዴ አስሬ፣ ፈትቼ፣ ነው እንደገና የማስረው።