የሲራኩስን ብር ለማየት ቤልቪው ድረስ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሲታክ ባቡር ተሳፈርኩ። አብራኝ ሆቴል የምትሠራው ሰናይት፣ «ሺፍት አለብኝ፤ አባቴን ቤልቪው የሳንቲም ኤግዚቢሽን ውሰድልኝ» ብላኝ ነው። የዕረፍት ቀኔ ነበር፤ እሺ ያልኩት በይሉኝታ ነው።

ቢከን ሂል ስደርስ የሰናይት አባት አቦይ ተስፋይ ከረቫት አስረው ጣቢያው በር ላይ ቆመዋል። አብረን ከተሳፈርን በኋላ ከመሐረብ ፈትተው አንድ የብር ሳንቲም አሳዩኝ። አራት ፈረሶች ሠረገላ ይጎትታሉ፤ ክንፍ ያላት ሴት ለነጂው አክሊል ይዛ ትበራለች።

«የሲራኩስ ግሪኮች አቴናን ድል ያደረጉበት መታሰቢያ ነው ይባላል» አሉኝ። «ከሥር ያለው ጥሩርና የራስ ቁር ከጠላት የተማረከ ነው።»

ራሴን እየነቀነቅሁ ስልኬን አያለሁ።

መሃል ከተማ አውቶቡስ ይዘን፣ በዝናብ የሐይቁን ድልድይ ተሻግረን ቤልቪው ደረስን። ኤግዚቢሽኑ የአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው፤ መግቢያው አምስት ዶላር። አቦይ የጥንት ሳንቲሞች በመስታወት ሣጥን የደረደረች አንዲት ነጋዴ ጠረጴዛ ፊት ቆመው መሐረባቸውን ሲፈቱ ቀደምኳቸው።

«ይቅርታ፣ ሽማግሌው አይገባቸውም» አልኳት በእንግሊዝኛ። «ፌክ ነው በያቸውና እንሂድ።»

ሴትዮዋ መልስ ሳትሰጠኝ አቦይ ከእኔ በጠራ እንግሊዝኛ ተናገሩ። «ቅጂ መሆኑን አውቃለሁ። ባለቤቴ የታሪክ አስተማሪ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ይህን እያሳየች አስተምራ፣ ዋናውን ሳታይ ሞተች። እኔ ልይላት ብዬ ነው።»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሴትዮዋ መስታወቱን ከፍታ ዋናውን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ይዘው ብዙ ቆዩ።

«የእኛው ይበልጥ አርጅቷል» አሉ። «ስንቱ ተማሪ ነክቶታል።»

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ «አቦይ፣ ቅድም ያልኩት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምቼዋለሁ» ብለው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

ቆይቼ እንግሊዝኛውን የት እንደተማሩ ጠየቅኳቸው። ምጽዋ ወደብ፣ የመርከብ ወኪል ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሳውቃቸው ይህን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ቤታቸው ስንደርስ ሰናይት ከሥራ ገብታለች። «ሶ፣ አላስቸገረህም?» አለችኝ።

«እሱ ባይኖር መንገዱ ይጠፋኝ ነበር» ብለው አባቷ ቀደሙኝ።

ከስድብ ይልቅ ይሄ አመመኝ። በራቸው ላይ እንደቆምኩ ለነጋዴዋ ያልኩትን ሁሉ በፊታቸው ለሰናይት ነገርኳት። አቦይ «ኦኬ፣ ግባና ተቀመጥ» አሉኝ እንጂ ምንም አልጨመሩም።

ሲታክ ስገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ሰውን አንድም ነገር ሳልጠይቅ የማውቀው እየመሰለኝ ስንት ጊዜ እንደኖርኩ አሰብኩ። የአስተማሪዋን ስም እንኳ አልጠየቅኩም። ጃኬቴን ሳላወልቅ ለሰናይት ቴክስት አደረግኩላት፦ «እናትሽ ስማቸው ማን ነበር?»