በቅቤ የታሹ ጥይቶች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጆሮህን ካላስመረመርኩህ ብሎ ከሸዋ ቤንች ወደ ሚዛን ከተማ ይዞኝ ሄደ። አልሄድም ብዬ ነበር። ምን ልሰማ ብዬ ነው? ሬዲዮ የሚያወራውን እንደሆነ ድሮም አላምነው። ግን ሰው ሲያረጅ ልጁ አባት ይሆንበታል፤ ባጃጅ ውስጥ ከተተኝና ሄድን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ጆሮዬ ላይ የሆነ ነገር ደፍታ «ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሡ» አለችኝ። ያነሣሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

«አባባ፣ ወፍጮ ቤት ሠርተው ነበር እንዴ?» አለች ጮክ ብላ።

«የለም።»

«ታዲያ ይሄን የግራ ጆሮ ምን ጎዳው?»

«ጥይት እሞክር ነበር።»

ሳቀች። ልጄም ሳቀ። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ፣ ጥይት ደግሞ ይሞከራል እንዴ እያለ ጨቀጨቀኝ። ይሞከራል። ባጃጁ ሲያንገጫግጨኝ ደክሞኝ ስለነበር መልስ አልሰጠሁትም። ቤት ገብቼ እግሬን ከታጠብኩ በኋላ ነው የነገርኩት። ለእሱ እንደነገርኩት ልጻፈው።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ከቴፒ ወዲያ፣ ጫካ መሐል፣ አንድ የቡና እርሻ ላይ ጥበቃ ተቀጥሬ ነበር። ዝንጀሮ እናባርራለን፣ ከርከሮ እንጠብቃለን፣ የተሰጣው ቡና እንዳይሰረቅ እናያለን። የዚያ አገር ዝናብ ፋታ አይሰጥም። ዛሬ ያወለቅኸው ጫማ ከርሞ ስታነሣው ሻጋታ ለብሷል። ጨው ዕቃው ውስጥ እንዳለ ውሃ ይሆናል። ብረት ነገርማ አይነሣ፤ ገጀራም ሆነ ጠመንጃ ቅባት ካላየ ወዲያው ነው የሚቀላው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አዲስ የፋብሪካ ጥይት በእንጨት ሳጥን መጣልን። የጥበቃ ኃላፊያችን አስር አለቃ ክፍሌ የሚባል፣ ከውትድርና የተመለሰ ወሎዬ ነበር። ሁሉም ሳጥኑን ከፍቶ ሊካፈል ሲሻማ ቆሞ ከለከለ።

«ፋብሪካ ሠራው ተብሎ አይታመንም» አለ። «ጥይት እንደ አዲስ ሙሽራ ናት፤ ቤት ገብታ ካልከረመች አመሏ አይታወቅም።»

ተኳሽ ያደረገው እኔን ነው። ክንዱ ስለማይንቀጠቀጥ ነው ብሎ ለሰው ያወራ ነበር። እኔ ግን ሚስት የሌለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው እላለሁ፤ አንድ ነገር ብሆን እሱ ላይ የሚጮህ ሰው የለም።

አሞካከሩ እንዲህ ነው። ከየሳጥኑ ጥቂት ጥቂት ይወጣል። ገሚሱ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ገሚሱ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፣ ገሚሱ እንዳለ ይቀራል። የወደቀ የዋንዛ ግንድ ላይ ሳንቃ ቸንክረን እኔ በደረቴ ተኝቼ እተኩሳለሁ። አስር አለቃ ክፍሌ ቀለሁን ከጭቃው ላይ እያነሣ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ቂጡ አብጦ እንደሆነ ያያል። ሄዶም ጥይቶቹ ሳንቃው ላይ ተቀራርበው ማረፋቸውን በስንዝሩ ይለካል።

የከሸፈ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። ቃታ ስበህ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ጠመንጃውን መክፈት የለም። አፈሙዙን ከሳንቃው ሳታነሣ መጠበቅ ነው፤ አንዳንዷ ዘግይታ ትፈነዳለች። ሰው የሚያደክመው መተኮሱ ይመስለዋል። የሚያደክመው መጠበቁ ነው። ትከሻህ እየነደደ፣ ጉንጭህ ሰደፉ ላይ ተጣብቆ፣ ዝናቡ በማጅራትህ እየወረደ፣ የሞተች ትሁን ያሸለበች የማታውቃትን ነገር መጠበቅ። እኔ ዕድሜዬን ብዙ ነገር ጠብቄያለሁ፤ እንደዚያ ያለ መጠበቅ ግን አላየሁም።

ያን ጊዜ ግን ሳጥኑ አላሳፈረንም። ውሃ ውስጥ ያደረችው እንኳ ጮኸች። ምሳችን ቅቅል ጎደሬ በሚጥሚጣ ነው፤ ከላዩ ጨሞ እንጠጣበታለን፣ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ተፈልቶ የሚጠጣውን። ጨሞውን ስጠጣ የአጠገቤ ሰው አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሉን አልሰማም ነበር።

ሙከራውን እየመጣ ቁጭ ብሎ የሚሰማ አንድ ጥበቃ ነበር፤ ጋሽ ወዳጆ። የሸኮ ሰው ነው፤ አዳኝ፤ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣል። «እህቷን ሳልሰማ ጥይት አልይዝም» ይል ነበር። ለእሱ ከአንድ ሳጥን የወጡ ጥይቶች እህትማማች ናቸው፤ አንዷ ከጮኸች ሌላዋም ትጮኻለች። ታናሽ ወንድሙን ተሰማን ጎሽ ገድሎበታል። ተሰማ አነጣጥሮ ቃታ ቢስብ ከሸፈበት፣ ጎሹ ደረሰበት። ጋሽ ወዳጆ ይህን ሲያወራ ፊቱ አይለወጥም።

«ጥይት የሚከሽፈው የአውሬው ቀን ሳይደርስ ሲቀር ነው» ይላል። «የጎሹ ቀን አልደረሰም። የተሰማ ደርሶ ነበር።» ከዚያ ጨሞውን ይጠጣል። በዚህች ቃል ነበር ተደግፎ የሚኖረው።

ጥይቱ ታደለን። ጋሽ ወዳጆ ድርሻውን ቤቱ ወሰደና እንደ ልማዱ እያንዳንዷን በቅቤ አሽቶ ዝናሩ ውስጥ ሰካ፤ ዝናሩንም የዘር በቆሎ ከሚሰቀልበት፣ ከምድጃው በላይ ሰቀለው። እሱ ያደረገውን ሌላው ሁሉ አደረገ። እኔ አልቀባሁም። ብልህ ሆኜ አይደለም፤ ቅቤ የለኝም።

«አንተ ወንደላጤ፣ ጥይትህ እንደ ተረከዝህ ሊሰነጣጠቅ ነው» አለኝ ግርማ የሚባል ጓደኛችን።

«ቅቤ ባገኝ ገንፎ እበላበታለሁ እንጂ ለጥይት አላጎርስም።»

ቡናው ሲቀላ አንድ አሮጌ ጎሽ ከጫካው ብቻውን ወርዶ የቡናው ጥላ ሥር ከተመ። አንዲት ለቃሚ፣ የልጆች እናት፣ ከነቅርጫቷ አንሥቶ ጣላት። ነፍሷ ተረፈ፤ ጎኗ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ለቃሚ አልገባም አለ፤ እውነቱን ነው። ቡናው ዛፉ ላይ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። ጋሽ ወዳጆ «እኔ እገባለሁ» አለ። ሌላ ማን ሊል ነው?

«መጀመሪያ ዝናርህ ይሞከራል» አለው አስር አለቃ ክፍሌ።

«እህታቸውን ሰምቻለሁ» አለ ቅር ብሎት። ቢሆንም ሰጠኝ።

ተኛሁ። የመጀመሪያዋ ጮኸች። ሁለተኛዋ ቀጭ አለች። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፤ ምንም። ቀጣይዋም ቀጭ። ከግርማ ዝናር አወጣን፤ እሷም ቀጭ።

«ፋብሪካው ጥራጊውን ነው የላከልን!» አለ ግርማ።

እኔ ተነሥቼ ከራሴ ዝናር አወጣሁና ተኮስኩ። ጮኸች። ደገምኩ። ጮኸች።

«ቅቤው ነው» አልኩ።

«ምን አልክ?» አለ ጋሽ ወዳጆ።

«ምድጃው ሲሞቅ ቅቤው ቀልጦ ገብቶባቸዋል። የኔ ደረቅ ነው፤ ይኸው ይጮኻል።»

«አንተ ልጅ! እኔ አባቴ ጥይት በቅቤ ሲያሽ እያየሁ ነው ያደግሁት። አንተ ስንት ጎሽ ገድለሃል?»

«አንድም። ግን የከሸፈ ከሸፈ ነው፣ ጋሼ። ይህን ይዘህ አትገባም።»

«ጠዋት ይዤው ስገባ ታያለህ!»

«አትገባም አልኩ!»

አስር አለቃ ክፍሌ ከሁለታችን ጋር አልተከራከረም። ከከሸፉት አንዷን በፒንሳ ነቅሎ ባሩዷን መዳፉ ላይ ገለበጠ። አልፈሰሰም፤ ተጋግሮ ወደቀ፤ የቆየ ቅቤ ሸተተን። ከኔም አንዷን ነቀለ። እንደ ጎመን ዘር እየተንሿሿ ፈሰሰ።

ጋሽ ወዳጆ የአስር አለቃውን እጅ ያዘና የተጋገረውን ባሩድ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

«የተሰማን ዝናር የቀባሁለት እኔ ነኝ» አለ። «ልጅ ነበር፤ ቅባት አያውቅም። አምጣ ብዬ የቀባሁለት እኔ ነኝ።»

እኔ ያን ያህል ስጮህ ያሰብኩት እሱ ከጫካው በእግሩ እንዲወጣ ብቻ ነበር፤ ስለ ተሰማ ጨርሶ አልታየኝም።

«ይቅር፣ ጋሽ ወዳጆ። ሌላ ሰው ይገባል» አለ አስር አለቃ ክፍሌ።

«ማን?» አለ። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «ያንን ደረቁን ስጠኝ።»

በማግስቱ ማለዳ ከኋላው ተከትዬ ገባሁ። ጭጋጉ ቡናው ላይ ተኝቷል። የኮረሪማው ቅጠል እስከ ወገባችን ድረስ ያረጥበናል፤ ስንረግጠው ሽታው ይነሣል። ጎሹን ከማየታችን በፊት ትንፋሹን ሰማን፤ ያኔ ትንሽ ጆሮ ነበረኝ። ዞሮ አየንና ራሱን ዝቅ አድርጎ መጣ። ጋሽ ወዳጆ ቃታውን ሳበ፤ ጮኸ። ጎሹ ተንበረከከ፣ እንደገና ተነሣ። አቀባብሎ ደገመው፤ ጮኸ። እንደ ትልቅ ግንድ ወደቀ። እየሮጥኩ ስደርስ ጋሽ ወዳጆ ጎሹን አያየውም። ጎንበስ ብሎ ቀለሆቹን ከቅጠሉ መሐል እየፈለገ፣ ያገኘውን ያሸታል።

በዚያ አገር ጎሽ የገደለ ሰው ራሱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። ሴቶቹ እልል እያሉ በኮባ ቅጠል ቅቤ ይዘው መጡ። ጎኗ የተሰበረችውም ሴት በልጇ ተደግፋ መጣች። ጋሽ ወዳጆ ቅቤውን ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው! ጎሽ ጥሎ እንዲሁ ወደ ቤት የገባ ማን አለ?» አለ ግርማ።

«ለዚህ ልጅ አድርጉለት» አለ ወደ እኔ እያሳየ። «ጥይቱ የሱ ነው።»

እምቢ ብል ያዙኝ። ቅቤው ራሴ ላይ ተጫነ፤ ፀሐይ ሲወጣ ቀልጦ በጆሮዬና በአንገቴ ወረደ። ሲጨፍሩ ዋሉ። ልጠርገው ብል ነውር ነው፤ ልተወው ብል ደግሞ ሽታው ያንን መዳፍ ላይ የተጋገረ ባሩድ እያመጣ ፊቴ ይደቅንብኛል። ጋሽ ወዳጆ ግን ጭፈራው ሳያልቅ ጠመንጃውን ለአስር አለቃ ክፍሌ አስረክቦ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አላደነም። የንብ ቀፎ ሰቀለ፣ ቡና ተከለ፣ ልጆቹን ዳረ። ስንገናኝ ማር ያበላኛል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቡና ዋጋ እናወራለን። «ቀኑ ደርሶ ነበር» ሲል ግን ደግሜ አልሰማሁትም። የተሰማን ስም ሰው ሲያነሣ ተነሥቶ ወደ ንቦቹ ይሄዳል። ሲሞት አርጅቶ፣ አልጋው ላይ፣ ልጆቹ ከበውት ነው። ከቃሬዛው አንዱን ወገን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቀላል ነበር።

ልጄ ይህን ሰምቶ «አባዬ፣ ባትነግረውስ ኖሮ?» አለኝ። እኔም ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ራሴን ማለቴ ነው። ባልነግረው ምናልባት የቀባት ጥይት ትጮህለት ነበር፤ ምናልባትም ልጆቹ በዚያው ሰሞን ያለ አባት ይቀሩ ነበር። ይህን የሚያውቅ የለም። እኔ ዛሬም ብሆን እነግረዋለሁ። ያኔ፣ ሰው በሕይወት ይቆይ እንጂ ሐዘኑን ቀስ በቀስ ይለምደዋል ብዬ አምን ነበር። እሱ ቆየ። አልለመደውም።